ጠዋት ሁለት ሰዓት የገባችው ሴት

ቃሊቲ ባለች የሳሙና ፋብሪካ ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ በሩ ላይ ያለውን የሰዓት መቆጣጠሪያ ማሽን መከታተል ነበር። ሠራተኛ ካርዱን ሲያስነካ፣ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈች አጭር ፕሮግራም የገባበትን ሰዓት ፋይል ውስጥ ታስቀምጣለች። የጻፋት ሰው አንዲት መስመር ማብራሪያ ሳይተው ለቆ ሄዷል፤ እግዜር ይየው።

አሮጌው ማሽን ተበላሽቶ ፋይሉን ወደ አዲስ ኮምፒውተር ያዛወርነው፣ አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሴት ቋሚ ልትሆን ስትል ነው። ለዓመታት በኮንትራት ሠርታለች፤ የቀራት በሥራ ላይ መገኘቷ መረጋገጡ ብቻ ነበር። አዲሱ ኮምፒውተር ግን የልጅ ልጆቻችን እንኳ የማይደርሱበት ዘመን ላይ ገባች አለ። የሰው ኃይል ኃላፊው ማስረጃ ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አሉ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ፊርማው የሳቸው ስለሆነ ነው።

ፋይሉን ባይት በባይት፣ ማለትም ቁጥር የሚቀመጥባትን እያንዳንዷን ትንሽ ቦታ እያየሁ ዘረገፍኩት። አሮጌው ማሽን አንዱን ሰዓት በአራት ባይት ይጽፍ ነበር፤ አዲሱ ስምንት ስለሚጠብቅ የሁለት ቀኑን እንደ አንድ ቁጥር አንድ ላይ ይውጠዋል። አራት አራቱን እንዲያነብ ሳደርግ ቀኖቹ ቦታቸውን ያዙ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ሴትዮዋ በየቀኑ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገባች ይላል። ኃላፊው በሩ በተዘጋበት ሰዓት በየት ገባች አሉና ፋይሉ ተነካክቷል ብለው ጠረጠሩ። እሷ ኮሪደር ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች። አንጀቴን በላችው።

በር ላይ ያሉትን ዘበኛ የአሮጌውን ማሽን ሰዓት ማን ይሞላ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«እኔ ነኛ» አሉኝ። «መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይዛባል። የእጅ ሰዓቴን አይቼ አስተካክለዋለሁ። ምነው ልጄ?»

የእጅ ሰዓታቸው እንደ ሁላችንም በሀገራችን አቆጣጠር ነው የሚሄደው። ጠዋት ሁለት ሲል ማሽኑንም ሁለት ላይ ያደርጉታል፤ ማሽኑ ደግሞ በፈረንጅ ቆጥሮ የኛን ከሌሊቱ ስምንት አድርጎ ይይዘዋል። አሮጌው ስክሪን «2» ብቻ ይል ስለነበር ሁሉም ጠዋት ብሎ አንብቦ ያልፋል። አዲሱ ግን ወደ ሀገራችን ሰዓት መልሶ በፊደል ስለሚጽፍ ጉዱን አወጣው።

ዘበኛውን ይዤ ቢሮ ገባሁ፤ እሳቸው አስረዱ፣ እኔ በየመስመሩ ስድስት ሰዓት ጨመርኩ። አዲሱን ፋይልም ማንኛውም ማሽን እኩል እንዲያነበው፣ ዓለም በሚጋራው የግሪንዊች ሰዓት፣ በስምንት ባይት፣ የባይቶቹ ቅደም ተከተል በማይለወጥ መንገድ እንዲጻፍ አደረግሁ።

ኃላፊው ከፈረሙ በኋላ ስክሪኑን ወደ ሴትዮዋ አዞሩላት። «ጠዋት ሁለት ሰዓት» የሚሉትን መስመሮች አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች። ክረምቱም በጋውም እዚያ ነበር።

«መጥቻለሁ እኮ» አለችኝ፤ እንባዋ መጣ። የኔም ቀድሞ መጥቶ ነበር።