ጌሙን የዘጋችው ጎረቤታችን

በሕንፃችን ያለነው ሁሉ «ወይዘሮ ግን» እንላታለን። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። እሱ ነርስ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ያየውን የሰማውን በደስታ ያወራላታል፤ እሷ አዳምጣ ስታበቃ «ጥሩ ነው፣ ግን...» ብላ ትጀምራለች። ቀልዱ ከቤት ወጥቶ ደረጃ ለደረጃ ወረደና በዚያው ጸና። አልተቀየመችም፤ እንጀራዋ ነዋ። የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የቴክኖሎጂ ገጽ አዘጋጅ ናት። አዲስ ስልክ ወጣ ሲባል ባትሪው ሲደክም ማን ይቀይረዋል ትላለች። አንድ ኩባንያ ለተማሪዎች ነፃ ትምህርት አቀረበ ሲባል የልጆቹን ፎቶ የት ነው የሚያስቀምጠው ትላለች። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አንብባ አትጠግብም፣ እሱንም አትምርም። አንዴ «ማሽን ሰውን እንዴት እንደገዛ ሙሉ መጽሐፍ ይጽፋሉ፤ ማሽኑን ማን እንደገዛው የሚጠይቅ የለም» ብላ ጽፋ አንባቢውን ሁሉ አስቃለች።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግባት የኢንተርኔት አስተዳደር ነገር ነበር። የሆነ ቢሮ የተቀመጠ ሰው አንዲት ቁልፍ ተጭኖ በማያውቀው ሰው ላይ በር ይዘጋል፤ የተዘጋበትም ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ ይህን በየወሩ ሳትጽፍ አታልፍም። ለጌም ደግሞ ጭራሽ ፊት አትሰጥም። ጊዜ ከመብላት ሌላ ሙያ የለውም ባይ ናት።

ሕንፃችን ያለው አንድ የኢንተርኔት መስመር ነው፣ የሁላችንም። ደህና ሲሠራ ቆይቶ ያን ሰሞን ይንቀራፈፍ ጀመር። በጣም የተቸገረችው ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። በቪዲዮ ስፌት ታስተምራለች፤ ልክ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ስትል ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ተማሪዎቿም አፏን ከፍታ እንደቆመች ያዩዋታል። ደረጃ ላይ በተገናኘን ቁጥር አንዱ ሌላውን መወንጀል ሆነ። በመጨረሻ ተሰብስበን መስመሩን ወይዘሮ ግን ታስተዳድርልን አልን። ስትተች ለኖረችው ሥራ ከእሷ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?

የቆጣሪ ክፍሉን ቁልፍ ተረከበች፤ መስመሩን የሚያከፋፍለው ሳጥን ያለው እዚያ ነው። በስልኳም ታዘው ጀመር። ጥፋተኛውን ለመፈለግ አልደከመችም፤ መጀመሪያውኑ ታውቀዋለች። በየቀኑ ከቀትር በኋላ ጌም የሚባል ሁሉ እንዳይገባ ዘጋችው። ለማንም አልተናገረችም። ለባሏ ብቻ፣ ብነግራቸው ክርክር ይነሳል፣ እስቲ ዝም ብዬ ልሞክረው አለችው።

ባሏ ጫማውን እየፈታ «ይሄንን ኩባንያ ቢያደርገው ምን ብለሽ ትጽፊ ነበር?» አላት።

«እኔ ኩባንያ አይደለሁም፣ ጎረቤት ነኝ» አለችው።

የልብስ ሰፊዋ ምስል እንደቆመ ነው። ወይዘሮ ግን ቀዳዳ ያገኘ ሰው ቢኖር ነው ብላ እገዳውን ከማለዳ እስከ ማታ አደረገችው።

በሳምንቱ ገደማ ምድር ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ ታብሌታቸውን በብብታቸው ይዘው በሯን አንኳኩ። ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰው የማያስቸግሩ፣ ሰላምታቸውን ሰጥተው የሚያልፉ። ታብሌቱ ተበላሽቶብኛል፣ አንቺ ደግሞ የዚህ ነገር አዋቂ ነሽ፣ እስቲ እዪልኝ አሏት። አስገብታ አስቀመጠቻቸው። ስታየው ታብሌቱ ምንም አልሆነም። የማይከፈተው አንድ ጌም ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሳይጠየቁ ማስረዳት ያዙ። ጌሙ ሁለት ሰው ሆኖ ከተማ የሚገነባበት ነው። አብራቸው የምትገነባው ሌላ ከተማ ያለችው ታናሽ እህታቸው ናት። ሠርጓ ላይ ሳይገኙ ቀርተው ተኳርፈው፣ እሷም እሳቸውም ፀጉራቸው እስኪሸብት ቃል ሳይለዋወጡ ኖረዋል። አንድ ቀን ጌሙ ላይ በልጅነት የቤት ስሟ የተላከ ግብዣ ደረሳቸው። ያንን ስም ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቀው የለም። ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ እሷ መንገድ ትዘረጋለች፣ እሳቸው አውቶቡስ ያሰማራሉ። ቃል አልተነጋገሩም። አንድ ጠዋት ሲገቡ የአውቶቡሶቻቸው መናኸሪያ ዙሪያውን ዛፍ ተተክሎበት አገኙት።

«አሁን ስጠፋባት ተመልሶ አኮረፈኝ ትላለች» አሉ፤ «እሱ ነው ያሳሰበኝ።»

ወይዘሮ ግን ታብሌቱን እንደያዘች ቀረች። ማድረግ የምትችለው ቀላል ነበር። ስልኳን ነካ አድርጋ እገዳውን ማንሳት፣ ተስተካክሏል ብላ መሸኘት፣ መመረቅ። ለባሏ ኋላ እንደነገረችው፣ ጣቷ ስልኩ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ አልተበላሸም» አለቻቸው። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። ለሁላችሁም ሳልናገር።»

ሽማግሌው ታብሌታቸውን ከእጇ ተቀብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ብትነግሪኝ እኮ አስቀድሜ እነግራት ነበር» አሉ። ከዚያ ሌላ ክፉ አልወጣቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር ትላለች እስከ ዛሬ።

እዚያው እፊታቸው ከፈተችው። ከተማው እንዳለ አለ። እህትየው ጌሙ ላይ የሉም፤ አውቶቡሶቹ በቆሙበት ሰሞን እሳቸውም ወጥተው ቀርተዋል። ሽማግሌው መናኸሪያቸውን ሲያዩ ቆዩና ታብሌቱን አጠፉት። ወይዘሮ ግን ለምን አይደውሉላቸውም አለች። ቁጥሯ አለኝ፣ ልብ ነው ያጣሁት አሉ። ብቻዎን አይደሉም፣ እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ አለቻቸው። ሻይ ቀዳችላቸውና ተቀመጠች።

ደወሉ። ሲነሳ የቤት ስሟን ብቻ ጠሩ። ከወዲያ በኩል የመጣው ድምፅ ለወይዘሮ ግንም ይሰማ ነበር።

«ታምመሃል እንዴ? አውቶቡሶችህ ሲቆሙብኝ እኮ እንቅልፍ አጣሁ። ማንን ልጠይቅ?»

ሽማግሌው ደህና ነኝ ማለት አቅቷቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በስልክ የሚታይ ይመስል። ወይዘሮ ግን ተነስታ ወደ ኩሽና ገባች። ወሬው ሻዩ ቀዝቅዞ ሌላ እስኪፈላ ቀጠለ። ሲወጡ ጫማቸውን የግራውን በቀኝ አጥልቀው ነበር፤ በሩ ላይ ራሳቸው አይተውት ሳቁ።

በነጋታው ወይዘሮ ግን አስቀድሞ ማድረግ የነበረባትን አደረገች፤ መስመሩን የሚጠቀመውን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ጌሞቹ ከመስመሩ የሚወስዱት ኢምንት ነው። መስመሩን የሚያንቀው የሕንፃው አስተዳዳሪ በየፎቁ የሰቀላቸው አዳዲስ ካሜራዎች ነበሩ፤ ቀን ከሌሊት ምስል ወደማናውቀው ቦታ ይልካሉ። ይሰቀሉ ብሎ የጠየቀን የለም፣ እኛም አልጠየቅን።

እሑድ ደረጃው ሥር ሰበሰበችን። መጀመሪያ የራሷን ነገረችን፣ ሳታስረዝም። ካሜራዎቹን ቀጥላ አወራች። ልብስ ሰፊዋ በካሜራዎቹ ተናዳ፣ ወይዘሮ ግንም ያለ ጥቅም ሳምንት ሙሉ ስላስጠበቀቻት፣ በማን ላይ እንደምትጮህ ቸግሯት ነበር። ብዙ ተጨቃጨቅን። ሽማግሌው የሁላችንንም አዳምጠው፣ ማንም ሰው የሌላውን መስመር ሲዘጋ ምክንያቱን አስቀድሞ ይንገረው፣ ሰውየውም አይሆንም ካለ ሁላችን እንስማው አሉ። በዚያ ተስማማን። ከካሜራዎቹ የመግቢያው ብቻ ቀረ፤ እሱም ምስሉን ወደ ውጭ እንዳይልክ ተደረገ። አስተዳዳሪው ትንሽ አንገራግሮ ነበር፤ ሁላችንም አብረን ስንቆም ጊዜ እሺ አለ። ልብስ ሰፊዋ አሁን ክሯን መርፌ ውስጥ ስታስገባ ተማሪዎቿ በደንብ ያያሉ።

ወይዘሮ ግን ያን ወር በገጿ ላይ የጻፈችው ስለራሷ ነው። ብዙ ሰው ደብዳቤ ላከላት፤ አንዳንዱ ወቀሳ ነው፣ አብዛኛው የራሱን ሕንፃ ችግር ያማክራል። ለሁሉም ትመልሳለች። ጌሙንም ራሷ ሞከረችው። መንገድ ስትሠራ ድልድዩን ትረሳዋለች፤ ሽማግሌው ቁጭ ብለው ያስተምሯታል።

የበጋው ሙቀት ሲገባ እህትየው ራሳቸው መጡ። ወንድምየው መናኸሪያ ድረስ ሄደው ተቀበሏቸው። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ሕንፃችን ሲገቡ እህትየው ገና ከደጅ ይስቃሉ፤ የዚህ ከተማ አውቶቡስ አንተ ከምታሰማራው ይብሳል፣ እንዲያው ሥራውን ለአንተ ቢሰጡህ ይሻል ነበር እያሉ።