ያጠረው ልጄ

ሰው ይከሳል እንጂ ያጥራል እንዴ? ሐኪሙ ካርዱን እያየ «ባለፈው ሳምንት አርባ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ዛሬ አርባ አንድ ተኩል» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ያለጊዜው የተወለደውን ልጄን ደረቴ ላይ ለጥፌ ሆስፒታል ስተኛ አራተኛ ሳምንቴ ነበር። ዛሬ እንወጣለን ብዬ ዕቃዬን ሁሉ ሸክፌ ተቀምጫለሁ።

«ክብደቱ ጨምሯል፤ ቁመቱ ግን አላማረኝም» አለ። «ወተትሽ አልበቃው ይሆናል። የቆርቆሮ ወተት እንጨምርለትና አንድ ሳምንት ትቆያላችሁ።»

ወተትሽ አልበቃውም! ጡቴ እስኪቆስል እያለብኩ በትንሽ ኩባያ ያጠጣሁትን እኔን! በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ቡታጅራ ገበያ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ሳይወጠር የተለካ ጨርቅ ይሄን ያህል ሜትር ነው ብዬ ለማንም አልምልም። ስለዚህ ማን እንደለካው ማሰብ ጀመርኩ።

ነርሶቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ቁጡ ናት፤ ሰው ጠርታ የልጄን ጭንቅላት ታስይዝና ጉልበቱን ተጭና እግሩን ቀጥ ታደርገዋለች። ልጁ ይጮኻል። እንዴት እንደምጠላት! ሌላዋ አንጀቷ ስስ ነው፤ ሜትሩን ብቻዋን ከራሱ እስከ ተረከዙ ታስጠጋለች፤ እሱም እግሩን እንደሰበሰበ እንቅልፉን ይለጥጣል። ባለፈው ሳምንት የለካችው ቁጡዋ ነበረች። ዛሬ ጠዋት ግን ሌላዋን «የኔ እህት፣ በአላህ አንቺ ለኪልኝ፤ እሷ ልጄን ልትሰብርብኝ ነው» ብዬ የለመንኳት እኔው ነኝ።

ጉድ በይ ቡታጅራ! ጨርቅ ወጥሬ የምሸጠው እኔ ልጄን አጥፌ አስለካሁ። በማን ልናደድ? በሁሉም ተናደድኩ፤ በራሴ ባሰብኝ።

«ዶክተር፣ በድጋሚ ይለካ» አልኩ።

ቁጡዋ መጣች፤ የሚያግዛት ሰው ግን አልነበረም። «ጭንቅላቱን እኔ ይዤ ሜትሩን አነባለሁ፤ ጉልበቱን አንቺ ተጫኚ» አለችኝ።

ነካ አደረግኩት። «እንዲህ አይደለም! ተጫኚው።»

ተጫንኩት። ልጄ ፊቱ እስኪጠቁር ጮኸ፤ እጄን አላነሳሁም።

«አርባ አራት።»

ሐኪሙ የቀድሞውን ሰርዞ አዲሱን ጻፈና «መውጣት ትችላላችሁ» አለ፤ ስለ ወተቴ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ባጃጅ ውስጥ መጠቅለያውን ገለጥ ሳደርግ ጉልበቱ ላይ የጣቶቼ ምልክት ቀልቶ አየሁ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።