አካውንቴ የተዘጋ ጊዜ

አባቴ ከአዲስ አበባ ወደ ቶሮንቶ ሊመጡ በተነሡበት ቀን ነው አካውንቴ የተዘጋው። ዌስተን በሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር አውቶቡስ እየጠበቅሁ ስልኬን ስከፍት፣ ደንብ በመጣሴ መታገዴን የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ። የትኛውን ደንብ እንደጣስሁ አይልም። ኢሜይሌ፣ ፎቶዎቼ፣ ከአባቴ ጋር በቪዲዮ የምንተያይበት መስመር፣ ሁሉም የአንድ ኩባንያ ስለነበሩ ሁሉም አብረው ሄዱ።

ሶፍትዌር ሠሪ ለሆነው ባለቤቴ ኮል አደረግሁለት።

«አፒል አድርጊ፣ እንደገና እንዲያዩት ጠይቂ» አለኝ።

«አድርጌያለሁ። ደውዬ የማናግረው ሰው የለም?»

«ለዚህ የሚያነሣ ሰው የላቸውም። ማሽን ነው የሚያየው። ከፎቶዎችሽ አንዱን ጥፋት ብሎት ይሆናል።»

በማግስቱ ኤርፖርት ሄድኩ። መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን እየገፋ ወጣ፣ አባቴ ግን የሉም። እሳቸው የስኳር ሕመም አለባቸው፤ እንግሊዝኛቸውም ከሰላምታ አያልፍም። ወደ አየር መንገዱ ጠረጴዛ ሮጥኩ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየችና፣ «መሀል ላይ የሚቀይሩት አውሮፕላን አምልጧቸዋል፤ ነገ ነው የሚገቡት። ሆቴላቸውን ጨምረን በኢሜይል ልከንልሻል» አለችኝ። ኢሜይሌ እንደተዘጋ ስነግራት አዘነችልኝ፤ የሆቴሉ ስም ግን እሷ ጋ አይታይም ነበር።

ቤት ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። መድኃኒታቸው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ይሆን? ምን በልተው ይሆን? ባለቤቴ ሊያጽናናኝ ቢሞክርም አልሰማሁትም። ከሰዓት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። እንደ አባቴ አውሮፕላኑ ያመለጠው አንድ ሐበሻ ተማሪ ነበር፤ «አባትሽ አጠገቤ ናቸው» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው።

«ምነው ልጄ፣ ስደውልልሽ አታነሺም?» አሉኝ። የሚደውሉት በተዘጋው መስመር ነበር። የስልክ ቁጥሬን ደግነቱ በቃላቸው ይዘውታል፤ ጡረታ እስኪወጡ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። መልስ ልሰጣቸው ፈልጌ እንባ ቀደመኝ።

ከመጡ በኋላ፣ የአካባቢያችን የፓርላማ ተወካይ በቤተ መጻሕፍት ሰው ሰብስበው፣ መንግሥት ትልልቆቹን የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይከፋፍላቸው ወይስ በሕግ ይቆጣጠራቸው ብለው ጠየቁ። ሦስታችንም ሄድን። ባለቤቴ ተነሥቶ፣ ኩባንያዎቹ ቢከፋፈሉ አገልግሎቱ እንደሚበላሽ፣ ደኅንነቱም እንደሚላላ አስረዳ። ያለው ስሕተት አልነበረም። ቀጥዬ እኔ ተነሣሁ።

«እንዲፈርሱ አልጠይቅም» አልኩ። «ግን ፎቶ ላይ ጥፋት ካገኙብኝ ኢሜይሌን ለምን ይዘጋሉ? ሲዘጉስ ምክንያቱን የሚነግረኝ ሰው እንዲያስቀምጡ ሕግ ለምን አያስገድዳቸውም?»

የተባለውን ለአባቴ ተረጎምኩላቸው። «በእኛ ጊዜም ስልክ የሚያስገባው መሥሪያ ቤት አንድ ብቻ ነበር» አሉ። «ሰው ዓመት ሙሉ ይጠብቃል። ግን በር ነበረው። ገብተው የሚጨቃጨቁት ኃላፊ ነበር።»

ተወካዩ ማስታወሻ ያዙ፣ አመሰገኑን። ከዚያ ወዲህ የወጣ ነገር አልሰማሁም።

አካውንቴ ግን አንድ ጠዋት ተከፈተ። «ጉዳይዎ ታይቷል» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። የአየር መንገዱን መልእክት ያኔ አነበብኩት፤ የሆቴሉ አድራሻና ስልክ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አሁን ለኢሜይል ሌላ ኩባንያ ይዣለሁ። ለቀረው ያው እዚያው ነኝ፤ ዘመዶቼ ሁሉ እዚያ ናቸው፣ ወዴት እሄዳለሁ? የአባቴን ፎቶ ባነሣሁ ቁጥር ምናልባት ጥፋት የተባለው የትኛው ምስል ይሆን እላለሁ፤ ደግሜ እንዳላጠፋ እንኳ የማውቀው ነገር የለም።