ለማርያም የተቀመጠ ጨርቅ

የልጅ ልጄ ሥዕል ትማራለች። ባለፈው ሰሞን በእንጨት ላይ የተወጠረ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሸራ ገዝታ መጣችና ከጭኔ ላይ አስቀምጣው «እማማ፣ አንቺ ጨርቅ ታውቂያለሽ፤ ጥሩ ነው?» አለችኝ። ላስቲኩን ገፍፌ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት፤ ብርሃኑን አየሁበት፤ ቀጥዬም ጣቴን በምራቄ አርሼ ጠርዙን አሸት ሳደርገው «ኧረ እማማ፣ አዲስ እኮ ነው» ብላ ልትቀማኝ ደረሰች። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የምትለውን አልሰማሁም። ከረጠበው ጠርዝ የአሚዶ ሽታ፣ ነጋዴ የሳሳ ጨርቅ ወፍራም አስመስሎ የሚያደርቅበት የዱቄት ውኃ ሽታ፣ ብድግ ብሎ መጥቶ ሞጣ አጠገብ ካለች አንዲት ማርያም ደጅ አደረሰኝ፤ እዚያም እማሆይ የውብዳር እንዝርታቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። እናቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተችና እሱም ለዘመድ ሊሰጠኝ ስላልፈለገ፣ በጃንሆይ ዘመን ከብቸና እየተነሣ ሥራ ወደተገኘበት ደብር ሁሉ ሲዞር በበቅሎዋ በአንድ ጎን ቀለሙን፣ በሌላው ጎን እኔን ጭኖ ይሄድ ነበር፤ እኔ እየወፈርኩ ስመጣ ሚዛኑ እንዳይዛባ በቀለሙ ወገን ድንጋይ ይጨምርበት እንደነበረ ደስ እያለው ያወራ ነበር። ትምህርቴም እንደዚያው በየደብሩ ተበታትኖ የቀረ ነው፤ ፊደሉን አንድ ቦታ፣ ንባቡን ሌላ ቦታ ስጀምር ዳዊት ሳልደግም አደግሁ። ጨርቅ መምረጥን ግን ከአባቴ እጅ ሥር ሆኜ አጥርቼ ተማርኩ።

የሞጣ ጨርቅ ነጋዴዎች አባቴን ሲያዩት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አቡጀዲውን አንሥቶ በፀሐይ አንጻር ይዘረጋውና በጨርቁ ውስጥ የነጋዴው ፊት ከታየው፣ በዚያው በጨርቁ ውስጥ «እንደምን ዋሉ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ገበያተኛው ሲስቅ ነጋዴው ይሳደባል። ሳስቶ ካልታየው ደግሞ ጠርዙን በመዳፎቹ መካከል ያሻዋል፤ ነጭ ዱቄት ከረገፈ «ይህ ገንፎ ነው እንጂ ጨርቅ አይደለም» ይላል፤ አሚዶው ሲታጠብ መረብ ሆኖ እንደሚቀር ያውቃላ። ከዚያ በድሩም በማጉም በኩል ይስበዋል፣ አንዱ ከሌላው በልጦ እንዳይላላ። በመጨረሻ እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሱ ሌላውን ጫፍ ይዘን እንወጥረውና በጣቱ ይመታዋል፤ እንደ ከበሮ ከመለሰ ጥሩ ነው፣ ዝም ካለ ሥዕል አይሸከምም። ከሁሉ በላይ የሚጠላው ሁለት ዓይነት ጨርቅ መቀጠልን ነበር። ሙጫው ሲደርቅ አንዱ ይሸማቀቃል፣ አንዱ ይዘረጋል፣ ሥዕሉም በመጋጠሚያው ይሰነጠቃል ይል ነበር። እንዲሥል ለተጠራባት ለዚያች ማርያም መቅደስ ግድግዳ የሚሆን ረጅምና አንድ ዓይነት ጨርቅ ፍለጋ መርጡለ ማርያም ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል።

እኛ ያረፍነው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ተያይዞ በተሠራው በእማሆይ የውብዳር ቤት ነበር። እማሆይ ባላቸው በጠላት ጊዜ ዓባይ በረሃ ወድቀው ከቀሩ በኋላ ቆብ የደፉ መበለት ነበሩ፤ ልጅ አልነበራቸውም፣ ቁመታቸው አጭር፣ ሳቃቸው ረጅም። እኔን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ጥጥ መፍተል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ክሬ ሲጎረብጥ «ይህን የለበሰ ሰው ገመድ ውጦ እንዳደረ ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ከምድጃው በስተኋላ በነበረው ትልቅ ሙዳይ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ፈትለው፣ ዓይኑ ጥሩ ለሆነ አንድ ሸማኔ ሰጥተው ያሠሩት ነጭ ኩታ ተጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። መገነዣቸው ነው። ለምን እንደዚህ እንደረዘመ ብጠይቃቸው ግማሹ የባላቸው መሆኑን ነገሩኝ፤ እዚያ በረሃ ያለ ሰው፣ ያለ ጨርቅ ወድቀው ቀርተዋልና። «እሳቸውን የት አግኝተው ይገንዟቸዋል?» ብዬ ተከራከርኩ፤ ልጅ ሆኜም ነገር አልለቅም ነበር። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «እኔ ይዤለት እሄዳለሁ» አሉኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ብል እንዳይበላው ኩታውን አውጥተው አጥር ላይ አሰጡት። እኔ ውኃ ልቀዳ ወንዝ ወርጄ ነበር፤ የሆነውን በኋላ ከሁለቱም አፍ ሰምቻለሁ። አባቴ ከመቅደስ ሲመለስ ያን ነጭ ጨርቅ በጠዋት ፀሐይ ተዘርግቶ አየ። አጠገቡ ሄዶ ዳሰሰው፣ ብርሃን አየበት፣ በጣቱ መታው። ከዚያ የማን እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ለማርያም ያስቀመጥኩት ነው፣ አለቃ» አሉት።

በዚያ መንደር ሰው የሚቀበረው በዚያች ማርያም ግቢ ስለነበረ ሽማግሌዎቹ መቃብርን በስሙ አይጠሩትም፤ «ማርያም የሄድኩ ቀን» ይላሉ፣ «ለማርያም ያሰብኩት» ይላሉ፤ የሰማ ሁሉ ስለ ሞታቸው እንደሚያወሩ ያውቃል። እኛ የብቸና ሰዎች የምንቀበርበት ደብር ሌላ ነው፣ እንዲህ ያለ አነጋገርም የለንም። አባቴ የሰማው ስእለት ነው። ተንበርክኮ የጨርቁን ጠርዝ ሳመ፤ እማሆይም ለመገነዣዬ እንዴት ያለ አክብሮት ነው ብለው እየገረማቸው መረቁት። እሱ በሩጫ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ካህናቱ ጥላ ይዘው፣ ቃጭል እያቃጨሉ፣ የመንደሩ ሴቶች እልል እያሉ መጥተው የማርያምን ስጦታ ከአጥሩ ላይ አንሥተው ሄዱ። እልል እየተባለ፣ መስቀል ከግንባሯ ተደግፎ፣ የትኛዋ መነኩሲት ናት «ቆዩ፣ እሱስ መገነዣዬ ነው» የምትል?

እንስራዬን አዝዬ ስገባ እማሆይ ባዶውን ሙዳይ አቅፈው ተቀምጠዋል። ምን እንደሆነ ሲነግሩኝ እንስራውን እንኳ በደንብ ሳላስቀምጥ ወደ አባቴ ሮጥኩ። ሙጫው እሳት ላይ ነበር፤ ጨርቁም በልክ በልኩ ተቆርጦ የመጀመሪያው ሙጫ ገብቶበታል።

«አባዬ፣ መገነዣቸው እኮ ነው» አልኩት።

አባቴ ያኔ የተመለከተኝን አመለካከት አሁንም እዚህ ተቀምጬ አየዋለሁ። ብሩሹን አስቀምጦ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ ከእማሆይ ፊት ሄዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለቄሰ ገበዙ ተናግሮ የቀረውን እንደሚያስመልስ ቢምልላቸው እምቢ አሉ።

«ማርያም ያልኩት እኔው ነኝ፤ ከአፌ ወጥቷል» አሉ። «የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ለሬሳም አይሆን። ይልቅ አለቃ፣ ከእግሯ ሥር እኔንና እሱን ይሣሉን። ጨርቁ ያው የእኛው ነው፤ ተሸፋፍነንበት እንኖራለን።»

አባቴ በእናቴ አፈር ማለላቸው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት፣ እንግዲህ ምን ልበል፣ ከልጅነቴ ሁሉ የተሻሉት ናቸው። አመድማ ሙጫ ሲንተከተክ፣ ኖራው ሲበጠበጥ፣ ቀለሙ በቅል ውስጥ ሲላቆጥ እኔ አማሳይ ነበርኩ። እማሆይ በየቀኑ በትራቸውን ይዘው እየመጡ በደካማ ዓይናቸው አፍጥጠው ያያሉ። ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይኑ እንደሚሥሉ ያውቃሉና፣ የባላቸው ተራ ሲደርስ ተጨንቀው «ሁለት ዓይን ይስጡት፤ ጠላ ይወድ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም» ብለው ለመኑት። የፊት ጥርሶቹ መካከል ክፍተት እንደነበረ፣ ቅንድቡ እንደተጋጠመ ነገሩት፤ አባቴም እየጠየቀ ሣለው። ሲጨርስ እማሆይ አፍንጫቸው ቀለሙን እስኪነካ ድረስ ቀርበው አዩና «እሱ ነው» አሉ። ሁለቱም ከእመቤታችን እግር ሥር፣ በነጭ ኩታ ተጠቅልለው፣ ጎን ለጎን ተጋድመው ነበር።

ክብረ በዓሉ ሲቃረብ ቄሰ ገበዙ መጣ። ቀለሙን ከሩቅ ያስመጡትና የምረቃውን ድግስ የሚደግሱት የአገሩ ባላባት ፊታውራሪ ነበሩ፤ ከእመቤታችን እግር ሥር የሚሣለው ደግሞ ያሣለው ሰው ነው፤ ይህ ልማድ ነው። ታዲያ የማትታወቅ መነኩሲትና አጥንቱ የት እንደወደቀ የማይታወቅ ሰው እዚያ ምን ያደርጋሉ? አባቴ ተከራከረ፤ ጨርቁን የሰጡት እሳቸው ናቸው አለ። ቄሰ ገበዙ ጨርቁን ማን ያየዋል፣ የሚታየው ቀለሙ ነው ብሎ መለሰለት። ካልሆነም ሌላ ሠዓሊ እንደሚጠራ፣ ያም ከላይ እስከ ታች እንደሚያድሰው ነገረው። አባቴ ሌላ እጅ ያንን ሥዕል ከሚነካው ሞትን ይመርጥ ነበር፣ እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

እኔ ሙጫውን አላማስልም አልኩ። ማንኪያውን ወርውሬ ከምንሠራበት ዳስ ወጣሁ፤ ለአባቴ ውኃም አላቀበልኩም፣ እራትም አብሬው አልበላሁም፤ መጥቶ ራሴን ሊዳብሰኝ ሲል ሸሸሁት። በማግስቱ አረንጓዴ ካባ የለበሱ፣ ሁለት ዓይን ያላቸው ፊታውራሪ ከእመቤታችን እግር ሥር ተጋድመው ነበር። ከሥሩ ያለው የሁለቱ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር።

የምረቃው ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ እልል አለ፣ ፊታውራሪም አጎንብሰው ሥዕላቸውን አዩ። እማሆይ በሴቶች በር በኩል በእኔ ትከሻ ተደግፈው ቆመው አንገታቸውን አሰገጉ፤ ዓይናቸው ከዚያ ርቀት ቀለም ከመለየት አያልፍም።

«የኔ ልጅ፣ የት ላይ ነን?» አሉኝ።

አባቴ አልነገራቸውም ነበር። እንዲነግራቸው ስጠብቅ የሰነበትኩት እኔ ነኝ። መዋሸት ደግሞ ያን ጊዜም ዛሬም አልሆነልኝም።

«ከፊታውራሪ ካባ ሥር» አልኳቸው።

ትከሻዬን የያዘው እጃቸው ጠበቅ አለ። ሕዝቡ ዘምሮ ጨረሰ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «እንግዲያ ይሞቀናል በይ» አሉ፤ ሊስቁም ሞከሩ፣ ያ ረጅሙ ሳቅ ግን ከመንገድ ቀረ። ቤት ስንገባ እንዝርታቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ሲፈትሉ አላየኋቸውም።

የሚቀጥለውን ክረምት አልጨረሱትም። የሞቱ ዕለት አባቴ በዝናብ ሞጣ ገበያ ሮጦ፣ በጨርቅ ውስጥ ሰላምታ ይሰጠው ከነበረው ከዚያው ነጋዴ፣ የተገኘውን አቡጀዲ ይዞ መጣ። ሌላ ጨርቅ አልነበረም። እንደ ሳንቃ የደረቀ ስለነበረ ለሰውነታቸው እንዳይሻክር ብሎ በገዛ እጁ በገንዳ አጠበው፤ ውኃው ወተት መሰለ፣ ቤቱን የአሚዶ ሽታ ሞላው፤ ከውኃው ያወጣው ግን መረብ ነበር። ሲገንዟቸው በር ላይ ቆሜ አየሁ። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን በጨርቁ አልፎ የእጃቸውን ቅርጽ፣ እንዝርት ይይዝ የነበረውን ጣታቸውን ሁሉ ያሳይ ነበር። አባቴ አየኝ፤ እኔም አየሁት። በፀሐይ አንጻር የታየውን ጨርቅ ሲመልስ የኖረው ሰው ያንን መመለስ አልቻለም።

ወደ ብቸና ተመለስን። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ደብር ሣለ፤ ከእግር ሥር ግን ማንንም አልሣለም፤ ባላባት ሲያስገድደው ቀለም አልቆብኛል ብሎ በቅሎውን ይጭን ነበር። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሣልኝም። እኔም እስኪሞት ድረስ እወደው ነበር፣ ይቅርም አላልኩትም፤ ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚያድሩ የሚጠይቀኝ ካለ እኔም አላውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ሄጄ ነበር። መቅደሱ ታድሶ ግድግዳው ላይ አብረቅራቂ አዲስ ሥዕል ተለጥፏል። አሮጌው ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ጥግ ቆሟል። ልጅ እግሩ ቄሰ ገበዝ ትሑት ሰው ነበርና ዘርግቶ አሳየኝ። ካባው ባልደረቀ ቀለም ላይ የተቀባ ስለነበረ ከሁሉ ቀድሞ ረግፏል፤ ሲረግፍም ከሥሩ የነበሩትን ሁለቱን ይዟቸው ሄዷል። ከእመቤታችን እግር ሥር የቀረው ባዶ ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ድሩ እንደ ድሮው ነው፣ አልሳሳም፤ በጣቴ ስመታው መለሰልኝ።

ያ ጨርቅ ለእማሆይ እንዲመለስ ለመንኩት፤ መቃብራቸው ላይ ቆፍሬ አኖረዋለሁ አልኩ።

«እማማ፣ ለማርያም የተሰጠ ከማርያም ቤት አይወጣም» አለኝ በትሕትና።

«እሳቸውም ከማርያም ቤት አልወጡም። ግቢው ውስጥ ናቸው።»

ሥዕሉን መልሶ ጠቀለለው። በእውነት ሊረዳኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «የት ጋ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ወደ ግቢው ወጣን። የድሮው አጥር የለም፣ የእማሆይ ቤት የለም፣ ምልክት ያደረግኩበት የወይራ ዛፍ ተቆርጦ በቦታው የሰበካ ጉባኤው አዳራሽ ተሠርቷል። ወዲያ ወዲህ ብዬ በበትሬ መሬቱን ነካካሁ። የት እንዳሉ ማሳየት አልቻልኩም።

«እማማ፣ ምነው? መጥፎ ነው እንዴ?» አለችኝ የልጅ ልጄ፤ ሸራው ጭኔ ላይ እንዳለ ነበር፣ የረጠበውም ጠርዝ ደርቋል። አሚዶ እንዳለበት፣ ድሩም ትንሽ እንደሚላላ ነገርኳት። ከዚያ መልሼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላትና «ግን ማንም ለራሱ ያስቀመጠው አይደለም፤ ሣይበት» አልኳት።