ከብት የጫነ ሹፌር አይተኛም

ባለቤቴ የከብት ጭነት ሹፌር ነበር። ከሞያሌ ገበያ በሬና ጊደር ጭኖ ናይሮቢ ይወርዳል፤ ሲመለስ ዱቄት፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም ቆርቆሮ ይዞ ይመጣል። በስደት ድንበሩን ተሻግረን ኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ከገባን በኋላ ያገኘው የመጀመሪያ ደህና ሥራ ይሄ ነበር። እኔ ገበያው ዳር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ እሰፋ ነበር፤ አሁንም እሰፋለሁ።

ቦሎቄ የጫነ ሹፌር ሲደክመው መኪናውን ጥግ አስይዞ ጋደም ይላል። ከብት የጫነ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። መኪናው ሲቆም ንፋሱም ይቆማል፣ ሙቀቱ ከብቶቹን ያፍናቸዋል፣ አንዱ ከወደቀ ሌሎቹ ይረጋግጡታል። ለዚህ ሲባል ጭነቱ ላይ ተቀምጠው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸው የተኛውን በሬ ጭራውን እየጠመዘዙ ማስነሳት ነው። ሹፌሩን የሚቀሰቅስ ግን ማንም የለም። ባለቤቴ ራሱን የሚቀሰቅሰው ኬንያውያን ሚራ በሚሉት ጫት ነበር። ጉንጩን ወጥሮ ይወጣል፣ ጉንጩን ወጥሮ ይመለሳል።

መንገዱ ኮረኮንች በነበረበት ዘመን ሥራው ከባድ ነበር። ጎማ ይፈነዳል፣ ሽፍታ ያሰጋል፣ ወገብ ይቆረጣል። ግን በዚያ መንቀጥቀጥ መሀል ማንንም እንቅልፍ አይጥለውም። አስፋልቱ ሲመጣ ሁላችንም እልል አልን። እሱ ጥቂት ከተመላለሰበት በኋላ ግን፣ "ይሄ መንገድ እሹሩሩ ይላል" አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

እንቅልፍ ቤት ውስጥ እምቢ አለው። ረፋዱ ላይ ገብቶ ይጋደማል፤ ከላይ ቆርቆሮው ይግላል፣ ከውጭ ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ይጮኻል፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሎ ይውላል። ከዚያ ምሳ ሲቀርብ፣ ጎርሶ ሳይውጥ አንገቱ ይደፋል። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ተዉት። ጋደም ብሎ ሲሸልበው ደግሞ ያንኮራፋና በመሀል ትንፋሹ ቀጥ ይላል። እኔ መርፌዬን ጥዬ አየዋለሁ። እንደሚሰምጥ ሰው ተንፈራግጦ አየር ሲስብ እኔም አብሬው እተነፍሳለሁ።

ሶሎሎ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጅ ነበረው፤ ቦረና ነው፣ እሱም ሹፌር። መንዳት የተማሩት በአንድ መኪና ላይ ነበር። የሱ መኪና ጋራዥ ሲገባ ከባለቤቴ ጎን ተቀምጦ፣ ወሬ እያወራለት አብሮት ይሄዳል። ቤታችን ሲመጣ፣ "አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ከብት መች ጫነ፣ እንቅልፉን ጭኖ ነው የሚዞረው!" እያለ ይቀልዳል። እሱ ሲስቅ ባለቤቴም ይስቃል፤ በእነዚያ ዓመታት ባለቤቴን ያሳቀው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ባለቤቴ መንገድ ላይ የውሃ ጀሪካን ያዘለች አሮጊት አይቶ ፍሬን እንደያዘ ነገረኝ። ወርዶ ቢያይ ማንም የለም። ሁለት ከብት በዚያ ፍሬን እግራቸው ተሰብሯል። በማግስቱ እጁን ይዤ እዚሁ ከተማ ውስጥ ካለች ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የሱም ዓይን ቀልቷል። በስዋሂሊ ብዙ ጠየቀው፤ መቼ እንደሚነዳ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚቅም።

"ምዜ፣ ይሄ ከሥራዎ የመጣ ነው" አለው በመጨረሻ፤ ምዜ ታላቅ ሰው የሚከበርበት ቃል ነው። "ዘበኞችም፣ እኛ ሌሊት በሥራ የምናድር ሐኪሞችም ይይዘናል፤ የእናንተ ግን ሰው ይገድላል። ሥራውን ይተዉ። መተው ካልቻሉ ቀን እየነዱ ሌሊት ይተኙ።"

"ከብቶቹንስ ሌሊቱን ሙሉ በእግራቸው ማን ያቆምልኛል?"

ሐኪሙ ናይሮቢ ውስጥ ሰውን አስተኝተው ትንፋሹን በማሽን የሚያዩበት ቦታ እንዳለ ነገረን። እንሄዳለን ብለን ወጣን፤ አልሄድንም። ባለቤቴ ለመኪናው ባለቤት ትንሽ ልረፍ ቢለው፣ "እረፍ፤ ደረቫ ሞልቷል" አለው፤ ሹፌር ሞልቷል ማለቱ ነው። በሳምንቱ እንደገና ጫነ።

አደጋው የደረሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቱርቢ ከተማ አለፍ ብሎ ዲዳ ገልገሉ የሚባል ሜዳ አለ፤ ጥቁር ድንጋይ ብቻ የተዘራበት፣ መንገዱ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ። መኪናው እዚያ ከአስፋልቱ ወጥቶ ተገለበጠ። ጭነቱ ላይ የነበሩት ሰዎች ተሰባብረው ተረፉ። ከባለቤቴ ጎን የነበረው የሶሎሎው ወዳጁ ሰው እስኪደርስላቸው በሕይወት አልቆየም። ባለቤቴ አጥንቱ የተሰበረው ትከሻው ላይ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ስደርስ ገና ሳልጠይቀው፣ "ጎማ ነው፣ የፊት ጎማ ፈነዳ" አለኝ። ለፖሊስም፣ ለሽማግሌዎችም፣ ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ ይህንኑ ተናገረ። የፊቱ ጎማ በእርግጥ ፈንድቶ ተገኝቷል፤ ከመገልበጡ በፊት ይሁን በኋላ ማን ይለየዋል? ሁሉም አመነው። ወሬውን ሲደጋግም የፍንዳታውን ድምፅ ሳይቀር መጨመር ጀመረ።

መንዳት ሲያቆም ይተኛል ብዬ ነበር። አልተኛም። ዓይኑ ክድን ሲል ቀኝ እግሩ ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው አልጋውን ይመታል፤ ይነቃል። እንደዚህ ከርሞ አንድ ከሰዓት በኋላ የሱሪ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ሳለ፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ "ጎማው አልነበረም" አለኝ።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

"ጎማውን የሰማሁት ስነቃ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ነበርን።"

"ለማን ነገርክ?"

"ላንቺ።"

"እሷስ?" አልኩት። የሟቹን ሚስት ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል። "አብረሽኝ ከሄድሽ እሄዳለሁ" አለ።

ሶሎሎ ስንደርስ ሴትዮዋ በሯ ላይ ለፍየሎቿ ውሃ ትቀዳ ነበር። ወንበር አወጣችልን። ባለቤቴ አልተቀመጠም። ቆሞ፣ በኦሮምኛ ጀምሮ፣ ሲጨንቀው ወደ አማርኛ ዞሮ፣ እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር ነገራት። እሷም አማርኛ ታውቃለች፤ እየቆራረጠች ትናገራለች።

"አውቃለሁ" አለች። "የኔም ሰውዬ እንዳንተ ነበር። ብቻውን ሲነዳ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ቤት ሲመጣ የለም። 'እንቅልፍ የማገኘው ከሱ ጎን ስቀመጥ ብቻ ነው' ይለኝ ነበር። ወሬ ላወራለት ነው የምሄደው ይላል፤ ውሸቱን ነው። የሚሄደው ሊተኛ ነው።"

ባለቤቴ ያን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ያን ቀንም ተኝቶ ነበር?" አለችው።

"ከቱርቢ ጀምሮ። ራሱን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጎ። ልቀሰቅሰው ነበር፣ እንዲያወራኝ። ሳየው ግን ደስ የሚል እንቅልፍ ነበር። ቀናሁበት። ተውኩት።"

"ሳያውቅ ሞተ ማለት ነው?"

"ሳያውቅ ነው።"

ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች። እኔ ተነስቼ አቀፍኳት፤ ሰውነቷ እንጨት ሆኖ ነበር። ሲበቃት ፊቷን ጠርጋ ወደሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

"አልረግመውም" አለች። "ሁለተኛ ግን እዚህ ቤት አይምጣ። እሱ በበሩ ሲገባ የኔ ሰው ከኋላው የሚመጣ ይመስለኛል። አንቺ ነይ።"

ባለቤቴ ሰምቷል። "እሺ" ብሎ ተነሳ።

መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም። አሁን ሱቅ ውስጥ አብሮኝ ይውላል፤ ልብስ ይተኩሳል፣ ክር ይለቅማል። የሌሊት ዘበኝነት ሥራ አግኝተውለት ነበር፤ እምቢ አለ። እንቅልፉ አልተመለሰም፤ በቁርጥራጭ፣ ተቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው። እኔም ትንፋሹን ሳዳምጥ ከኖርኩ ወዲህ ሙሉ እንቅልፍ ምን እንደሚመስል ረስቼዋለሁ።

በበዓል ጊዜ ስኳርና ዱቄት ይዤ ሶሎሎ እሄዳለሁ። እሱ እስከ መገንጠያው ይሸኘኝና እዚያ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ስመለስ ስለ ልጆቿ ይጠይቀኛል፤ ማን ተማረ፣ ማን ታመመ፣ ማን ለትዳር ደረሰ። ባለፈው ስመለስ ልንገረው አልንገረው እያልኩ መጣሁ። ነገርኩት።

"ትልቁ ልጇ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል" አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ምን ሊጭን?"

"አልጠየቅኩም።"

ወደ ሞያሌ የሚመለስ መኪና መጣ። ከሹፌሩ ጎን ክፍት ቦታ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ኋላ ወንበር ገብቶ ተቀመጠና ከተማው እስክንገባ ዓይኑን ከሹፌሩ አንገት ላይ አልነቀለም።