ተርትራ የሰፋችው መድኃኒት

ታናሽ እህቴ ኬሚስት ናት። ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ሲያቅተኝ «የሆድ ዕቃ መብራት ትሠራለች» እላለሁ፤ እሷም ትስቅብኛለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰው ኤምአርአይ ሲነሳ በደም ሥሩ የሚወጋ መድኃኒት አለ። ውስጡ ያለው ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት ዕጢ ያለበትን ቦታ አጉልቶ ያሳያል። ብቻውን ከተለቀቀ ግን መርዝ ነው። ስለዚህ እህቴ በዓይን የማይታይ ማቀፊያ ትሠራለታለች።

እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። ስፌት ትንሽ ከተዛነፈ፣ ሙሽራ በር ላይ ቆማ ብታለቅስ እንኳ «ተርትሪው!» ነው። እኔ በዚህ ተማርሬ ሙያውን ጥዬ ወጣሁ። ታናሼ ግን ፀባይዋን እንዳለ ወረሰችው።

የጉበት ዕጢን ገና ከጅምሩ የሚያሳይ መድኃኒት ሠራች። ዕጢ ባለባቸው አይጦች ላይ ስትሞክረው ዕጢው ቦግ ብሎ ታየ። አለቃዋ «በቃ፣ ሰው ላይ ይሞከር» አላት። እሷ ግን የአይጦቹ ኩላሊት ውስጥ ቅንጣት ብረት ቀርቶ አገኘችና «ማቀፊያው ላልቷል፣ እንደገና እሠራዋለሁ» ብላ ድርቅ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት በሽተኛ እየጠበቀ!» ብዬ ጮህኩባት። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«ተያት፣ ትተርትረው። የሰው ገላ ውስጥ የሚገባ ነገር እኮ ነው» አለችኝ። በልጇ መኩራቷ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር።

እህቴ ስትተረትር እናታችን መክሳት ጀመረች። በተለመደው መድኃኒት ኤምአርአይ ተነሳች፤ «ጉበትዎ ንጹህ ነው» ተባለች። ተቃቅፈን እየሳቅን ወጣን። ዕጢው የታየው ካደገ በኋላ ነው። ብዙም ሳትቆይ ቀበርናት።

አዲሱ ማቀፊያ ሲያልቅ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ ውሃ እንኳ አያስጠጋም። ውሃ ካልነካው ደግሞ አያበራም። እህቴ ግራ ቢገባት የድሮውን መድኃኒት አይጦች ላይ ደግማ ሞከረችው። ለካ ያቺ ኩላሊት ውስጥ የቀረችው ቅንጣት ትንሽ ቆይታ በሽንት ትወጣለች! ያኔ ጥቂት ጠብቃ ብታይ ኖሮ... ምን ዋጋ አለው፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዋ ታማሚ መድኃኒቱን ተወጋች። እህቴ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ደወለችልኝ፤ ከኋላዋ ጭብጨባ ይሰማል።

«ታየ፣ እትዬ! ምስር የምታክል ዕጢ! ሴትዮዋ ትድናለች።»

«እሰይ የኔ ልጅ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«የመጀመሪያው መድኃኒት እኮ ነው። እማዬ እያለች የነበረው፣ ራሱ። ምንም አልጨመርኩበትም።»

አፏ አያርፍም የምባል ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የእማዬን የስፌት መኪና አቧራ በመዳፌ እጠርግ ጀመር።