የጋሼ ግራ ዓይን

አክስቴን ሰፈሩ «ቆርጦ ቀጥል» ይላታል። ሐሜተኛ ስለሆነች አይደለም፤ ለሐሜቱማ ሌላ ስም አላት። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የተቀደደ ፋይል ስትለጥፍ ኖራ እሷ ጡረታ ብትወጣም እጇ አልወጣም። ያገኘችውን ወረቀት ትቆርጣለች፣ ኮላ ትቀባለች፣ ሥዕል ታደርገዋለች። እሷ ቤት የረሳችሁት ጋዜጣ በማግሥቱ ዶሮ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ባሏን ጋሼን ከቀበረች ወዲህ ግን የምትሠራው እሱን ብቻ ነው። ሰውየው አንድም ፎቶ አልተወላትም። ካሜራ ፊት በቆመ ቁጥር ዓይኑን ስለሚጨፍን «ሬሳ አስመሰሉኝ» እያለ ሁሉንም ቀዶ ጥሏቸዋል። ራሰ በራውን ከሲሚንቶ ከረጢት፣ ጢሙን ከካርቦን ወረቀት አወጣችለት። ጆሮው የመድኃኒት ማዘዣ ነው፤ በሕይወት እያለም ከዚያ የተሻለ አይሰማም ነበር። ዓይኑ ግን አልመጣ ብሎ ወራት አስለፋት።

እኔ ዕቃ ስለሚጠፋብኝ ዲግሪዬን የማስቀምጠው እሷ ዘንድ ነው። ለሥራ ፈተና ልወስደው ሄጄ ፖስታውን ስከፍት፣ ክቡ ማኅተም በነበረበት ቦታ ቀዳዳ ጠበቀኝ። ቀና ስል ጋሼ ከግድግዳው ላይ በወይን ጠጅ ዓይኖቹ አፍጦብኛል። ቀኙ ከገዛ የጡረታ ደብዳቤዋ ማኅተም፣ ግራው ከኔ ዲግሪ።

«ዓይን አውጣ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ኧረ አስገባሁለት እንጂ መች አወጣሁ?»

«ነገ ኦሪጅናሉን ካላሳየሁ ሥራው ቀረ! ምን ነካሽ?»

ሳቋ ጠፋ። «ከወረቀት ሁሉ ሰው ላይ የሚያፈጥ ማኅተም ብቻ ነው ብዬ ነው፣ ልጄ» አለችና ማንቆርቆሪያ ጣደች።

አንጀቴን በላችኝ። ተይው ልላት ከጅሎኝ ነበር፤ ግን ሥራ ከፈታሁ ሁለት ዓመቴ ነውና ዲግሪውን አቀበልኳት። ማኅተሙን በእንፋሎት አላቅቃ፣ ዳሩን በምላጭ አስተካክላ ወደ ቦታው መለሰችው።

በማግሥቱ ኃላፊው ማኅተሙን በጣቱ ዳበሰ። «አበጥ ብሏል» አለ። ሲያለቅስ አድሮ ነው ልለው ምንም አልቀረኝም። ሥራውን አገኘሁ።

ልነግራት የሄድኩት እያፈርኩ ነው። ጋሼ በቀኝ ዓይኑ ብቻ ያየኛል። ግራው ላይ ቀጭን የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ለጥፋበታለች።

«በኔ ምክንያት ጨፈነ» አልኳት።

«እሱ ሲጨፍንማ ሁለቱንም ነው» አለች፣ የደረቀ ኮላ ከጣቷ እየላጠች። «እየጠቀሰኝ ነው። ያኔም እንዲህ ነበር የጀመረኝ፣ ባለጌ።»